ከገፈርሳ ማዶ የታሰረ ቀይ ብጣሽ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ወገቡን ለሚያመው በርጩማ አለ፣ ለጤነኛው ምንጣፉ ይበቃዋል። ስልኩንም ለጊዜው ኪሳችሁ ክተቱት፤ ብዙ አላቆያችሁም። እናንተ በየበዓሉ ላንጋኖ ሄድን፣ ሐዋሳ ሄድን እያላችሁ ፎቶ ታሳዩኛላችሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከዚሁ ከቡራዩ በአንድ ታክሲና በጥቂት እግር ስለሚደረስበት፣ ከመካከላችሁ ግን አንድም ሰው አይቶት ስለማያውቅ ቦታ ነው። ያሳየኝ ሰው በቦታው ምክንያት ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ቦታውን ብቻ ነጥዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ከነሰውየው ነው የምነግራችሁ።

ሰውየው ባርናባስ ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነው። አዲስ አበባ የተወለደበት ሰፈር ሲፈርስ ወደ ቡራዩ መጣና የኔን ሰርቪስ ቤት ተከራየ። የስፌት መኪናውን በረንዳዬ ላይ አቆመ። ሃምሳዎቹን የያዘ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የሚለካበት ሜትር ከአንገቱ አይወርድም። ምሳ ሲበላም አንገቱ ላይ ነው፣ ሱቅ ሲሄድም አንገቱ ላይ ነው። አንድ ጊዜማ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ሳጥን ሊለካ የተላከ መስሎት መንገድ ለቀቀለት።

እሁድ እሁድ መኪናውን ሸፍኖ ይጠፋል። ማታ ሲመለስ ጫማው የሌላ አገር አፈር ይዞ ነው፤ አንድ ቀን ጥቁር ጭቃ፣ አንድ ቀን ቀይ አቧራ።

"የት ነበርክ?" እለዋለሁ።

"ተፍኪ።"

"ዘመድ አለህ እንዴ እዚያ?"

"የለኝም እትዬ። ወፍ አለ።"

ከሰበታ አለፍ ብሎ፣ ክረምቱ ሜዳው ላይ የተወው ውሃ ሳይደርቅ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ መጥተው ይሰፍሩበታል አለኝ። ሰው በአስፋልቱ ወደ ጅማ ሲሮጥ አንገቱን እንኳ ዞር አያደርግም። ሌላ እሁድ ሱሉልታ ሄዶ፣ ሳሩ ለድርቆሽ ከመታጨዱ በፊት ነፋስ ሲገባበት ሜዳው ሁሉ እንደ ውሃ እንደሚገላበጥ ነገረኝ። እኔም አዎ እያልኩ እሰማዋለሁ። በልቤ ግን፣ ሳርና ወፍ ለማየት የታክሲ የሚከፍል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እላለሁ።

በመስከረም የእድር ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት፣ አብዛኛው እንደ ባርናባስ ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ነው። በዓመት አንዴ አውቶቡስ ተከራይተን ሽርሽር እንሄድ ነበር። ባርናባስ ቆሞ፣ "ዘንድሮ ሩቅ አንሂድ። ከገፈርሳ ማዶ አንድ የውሃ ቦታ አግኝቻለሁ" አለ።

ጎረቤቴ ኡሙልኸይር ምላሷ አያርፍም። "ውሃ ለማየት ከሆነማ ቧንቧዬን መክፈት ይበቃኝ ነበር" አለች፤ "የመጣ ቀን!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የእድሩ ዳኛ የሺጥላ ሳቁን አፍኖ፣ "ጉልበት የሌላቸው እናቶችስ? ገደል ልታወርዳቸው ነው?" አለው።

"ቀለል ያለ መንገድ አለው" አለ ባርናባስ። "እኔ አዘጋጀዋለሁ።"

ማንም መልሶ አልጠየቀውም። ወደ ሌላ ጉዳይ ታለፈ።

ኅዳር ሲገባ ነገር ተበላሸ። ታናናሾቻችሁ ያኔ ገና ሕፃናት ስለነበራችሁ ልንገራችሁ፤ የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነው፣ ሁለት ሺህ ስምንት። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በአንድ ፕላን ሊገቡ ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ ተነሳ፣ ተማሪው ወጣ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ የሰው ልጅ ሞተ። ያን ሰሞን ሰው ሰውን በጎን ነበር የሚያየው። ታክሲ ውስጥ ስልክ ይዞ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰላይ ነው፤ ከፍ አድርጎ ያወራም ሰላይ ነው። አማርኛ ስንናገር አንዱ ይዞራል፣ ኦሮምኛ ስንናገር ሌላው ይዞራል። ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል የሰው ፊት ማንበብ አላስተማረኝም፤ ያን ኅዳር ግን ሁላችንም ፊት አንባቢ ሆነን ዋልን።

አንድ ቀን ማለዳ የሺጥላ በሬን አንኳኳ። ለላሞቹ ድርቆሽ ሊገዛ ከገፈርሳ ማዶ ሄዶ ነበር። ወደ በረንዳው ተመለከተና ድምፁን ቀነሰ።

"ስንዱ፣ ይሄ ተከራይሽ ምንድን ነው ሥራው?"

"እያየኸው? ልብስ ሰፊ ነዋ።"

"ልብስ ሰፊ ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል?"

"የምን ቀይ ጨርቅ?"

"በዓይኔ ነው ያየሁት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየሄደ ቀይ ብጣሽ ሲቋጥር። አንቺ፣ በዚህ ጊዜ ቀይ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? የሚፈርስ ቤት ላይ የሚቀባው ምንድን ነው? የሚወሰድ መሬት ላይ የሚተከለው ችካል ጫፉ ምንድን ነው?"

"ታዲያ ምን ነው ትላለህ?"

"የመሬት ደላላ ነው። ፕላኑ ሳይመጣ ቀድሞ ጥሩ ጥሩውን እያስመረጠ።"

ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ኡሙልኸይር ጆሮዋን ጥላ ኖሯል። "ኧረ ወዲያ! ደላላ ቢሆን ይሄኔ የራሱን ቤት አይሠራም? የመንግሥት ጆሮ ነው እንጂ" አለች። ሱቅ ስሄድ ደግሞ ባለሱቁ በሹክሹክታ፣ ሰውየው ወጣቶቹን የት የት ተሰብሰቡ እያለ መንገድ የሚያሳያቸው ነው አለኝ። አንድ ቀጭን ልብስ ሰፊ እንዴት ሦስቱንም እንደሚሆን እንጃ። ግን ሦስቱም እውነት መሰለኝ።

የሺጥላ ሲሄድ የተወልኝ ቃል ነው እንቅልፍ የነሳኝ። "የገበሬው ልጆች ቀድመው ከያዙት ይገድሉታል። ከዚያ የት ነው የሚያድረው ይባላል። ያንቺ ቤት ነው ስንዱ። ወይ አስወጪው፣ ወይ ምን እንደሚሠራ ሄደሽ እይ።"

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ባርናባስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቀይ ጨርቅ በመቀስ ይሸነትራል። ለትምህርት ቤት ልጆች የስፖርት ማሊያ ሰፍቶ የተረፈው ነው። ቀና ሳይል፣ "እትዬ፣ ከእድራችን በእግሩ ደህና የሚሄድ ምን ያህል ሰው ይገኛል?" አለኝ።

"ለምን ፈለግከው?"

"እንዲያው ለማወቅ።"

"እሁድ አብሬህ ልሂድ?" አልኩት ድንገት።

ፊቱ በራ። "እውነትዎን ነው? ጉልበትዎ እሺ ይላል?" እያለ ከመቀመጫው ተነሳ። እንደዚያ ደስ ማለቱ ራሱ አሳሰበኝ።

እሁድ ጠዋት በታክሲ ገፈርሳ ወረድን። ግድቡ ላይ ጉም ተኝቷል። ባርናባስ ቦርሳውን በትከሻው፣ ሜትሩን እንደ ልማዱ በአንገቱ አድርጎ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። እኔ ዓይኔ ቦርሳው ላይ ነው። አስፋልቱን ለቀን ባሕር ዛፉ ውስጥ እንደገባን የመጀመሪያዋ ቀይ ብጣሽ ታየችኝ፤ ከግንዱ ላይ ጥብቅ ብላ ታስራለች።

"ይሄ ምንድን ነው ባርናባስ?"

"የእርስዎ ጉልበት ነው እትዬ" ብሎ ሳቀ። "በዚያ በኩል ቢሄዱ አቀበት ነው፣ ድንጋይ ነው። በዚህ ዞር ሲሉ ግን ልጅ ያዘለችም ትወጣዋለች። መንገዱን እስካገኘው ብዙ እሁድ ፈጅቶብኛል። ጨርቁን እያዩ ነው የሚመጡት፣ እኔ ከኋላ ሆኜ የደከመውን ስደግፍ።"

"ለእድሩ ነው?"

"ታዲያ ለማን ነው? አዘጋጃለሁ ብዬ የለ?"

ግማሽ ልቤ አመነው። ግማሹ ግን፣ ሰው እንደሳቀበት እያየ ይህን ሁሉ ይደክማል? ይለኛል። እንዲህ እየተሟገትኩ ባሕር ዛፉ አለቀ። ጤፍ የታጨደበትን ማሳ በዳር በዳሩ አልፈን አንድ የገበሬ ግቢ አጥር አጠገብ ደረስን። አጥሩ ጥግ ላይ አሮጌ ወይራ አለ። ባርናባስ ቆሞ ግንዱን ዞረው።

"እዚህ አስሬ ነበር" አለ ለራሱ። "የት ሄደች?"

ይቺንም በልቤ ያዝኩ።

ከወይራው ወዲያ መሬቱ ድንገት ይሰበራል። ቁልቁል በለስላሳ ጎኑ ወረድን። እንግዲህ ቦታው ይሄ ነው ልጆቼ። ከጥቁር አለት ሥር ውሃ ይፈልቃል፣ ጥቂት እንደፈሰሰ ከገደሉ ይዘላል። የኅዳር ብርድ ሳሩን ነጭ አድርጎታል፣ ውሃው ግን እንደ ድስት ይተናል፤ እጄን ብከተው ለብ ያለ ነው። ባርናባስ እጄን ይዞ ከሚወርደው ውሃ ኋላ አስገባኝ። ከጀርባው አለቱ እንደ ጣሪያ ወጥቶ፣ ሥሩ ደረቅ መቀመጫ ሠርቷል፤ ግማሹ እድራችን ይቀመጥበታል። ተቀምጬ በውሃው ውስጥ አሻግሬ ባይ አዲስ አበባ ከሩቅ ትንቀጠቀጣለች፤ ፎቁም ምኑም እንደ ጨርቅ ይውለበለባል።

"እዚያ ነው የተወለድኩት" አለ ባርናባስ። "ከቤታችን መስኮት የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም።"

ከቦርሳው ዳቦና የተቀቀለ ድንች አወጣ። ሌላው የቦርሳው ጉድ መቀስና ብጣሽ ጨርቅ ነው። ትንሽ አፈርኩ። ዳቦውን እንደቆረስን ከላይ ድንጋይ ተንከባለለ። ቀና ስል ዱላ የያዙ ወጣቶች ከበውናል።

የፊተኛው ረጅም፣ ዓይኑ የቀላ ልጅ ነው። "ኤኙ አቲ?" አለ ባርናባስን፣ አንተ ማን ነህ ማለቱ ነው። እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ስናገረው ግን ይሰባበርብኛል። ባርናባስ ጭራሽ አይችልም። ልጁ ገባውና ወደ አማርኛ ዞረ።

"ምንድን ነው የምትለካው?"

"ሰው" አለ ባርናባስ።

"ሰው?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ወገብ፣ የሰው ክንድ..."

"ልብስ ሰፊ ገደል ውስጥ ለማን ነው የሚሰፋው? ለዝንጀሮ?"

ጓደኞቹ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ደስ አይልም። አንዱ ሜትሩን ከአንገቱ መዞ በፀሐይ ዘረጋው። "ቁጥሩን እየው አማኑ። መሬት ነው የሚለኩበት።"

"ልጆቼ፣ ይሄ ሰው ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶ ነው የሚኖር" አልኩ። "ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዞት ይሄዳል።"

"እናቴ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ" አለኝ አማኑ የተባለው፣ ያ ረጅሙ ልጅ። ስድብ አልጨመረበትም። "እርስዎን አሮጊት ናቸው ብሎ ለሽፋን ነው ያመጣዎት።"

እውነት ለመናገር፣ ይቺ ቃል ሰቀጠጠችኝ። ለሽፋን አምጥቶኝ ቢሆንስ?

ሽቅብ ወሰዱን፣ ወደዚያው ወይራ ወዳለበት ግቢ። የአማኑ አባት ኦቦ ተድላ ከድርቆሽ ክምራቸው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸው ከትከሻቸው ይሰፋል። ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ ከቤት ብቅ ብላ፣ አማኑ ቀዮቹን ብጣሾች ከቦርሳው አውጥቶ አባቱ እግር ሥር ሲጥላቸው አየች። "ጥጃዋን ልያት" ብላ ፈጠን ብላ ከክምሩ ኋላ ሄደች።

ኦቦ ተድላ አንዷን ብጣሽ አንስተው በጣታቸው አሹት። "የወንድሜ መሬት ላይ መጀመሪያ የመጣው እንዲህ ያለ ነው" አሉ። "ችካል ላይ የታሰረ ቀይ። ነፋስ ሲያወዛውዘው ልጆቹ ይጫወቱበት ነበር። ከዚያ ትራክተር መጣ። አሁን ወንድሜ የገዛ ማሳው በር ላይ ዘበኛ ነው።" ከዚያ ቀና አሉ። "አንተ ማን ላከህ?"

"ማንም አልላከኝም አባቴ" አለ ባርናባስ። "እኔ ራሴ ከቤቴ የተነሳሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁ። ማን እንደቀባው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ የሞተችበት ቤት ነበር።"

"ቀይ ምልክት ከቤትህ ያስወጣህ ሰው ሆነህ፣ የሰው አጥር ላይ ቀይ ታስራለህ?"

ባርናባስ ብጣሾቹን አየና፣ "የተረፈኝ ጨርቅ ቀይ ነበር" አለ በቀስታ። "ሰማያዊ ቢተርፈኝ ሰማያዊ አስር ነበር። አላሰብኩትም አባቴ። ከሩቅ ይታያል ብቻ ነው ያልኩት።"

"ውሸት!" አለ አማኑ።

ኦቦ ተድላ እጃቸውን አነሱ። "እንዲህ ይሁን። ያሰርከውን በገዛ እጅህ ፈትተህ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚህ እጄ ላይ ታስቀምጣለህ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

ይሄን እያሉ ከቡራዩ በኩል ጧ! ጧ! የሚል ድምፅ መጣ። ጥይት ይሁን የጭስ ቦምብ አልለየሁም። አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ መንገዱ ተዘግቷል፣ አስፋልቱ ላይ በግድቡ በኩል ፓትሮል ቆሟል አለ። ሁሉም ተያዩ። የመጨረሻዎቹ ብጣሾች አስፋልቱ አጠገብ ናቸው። ከወጣቶቹ አንዱ እዚያ ብቅ ቢል ይታፈሳል። ባርናባስ ብቻውን መሄድ አለበት።

"ሄዶ ወታደር መርቶ ይመጣል" አለ አማኑ። "አባ፣ ሁላችንንም ያስፈጀናል። ዋሱ ማን ነው?"

የግቢው ውሻ አጥሩ ሥር ይጮኻል።

"እኔ" አልኩ። "እዚሁ እቀመጣለሁ።"

እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። ባርናባስ ዞሮ አየኝ። ሜትሩንና ቦርሳውን ትቶ፣ ባዶ እጁን ከግቢው ወጣ።

በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። አዴ ድንቅቱ አሬራ በጣሳ ሰጠችኝ። "ገለቶሚ" ብዬ አመስግኜ ተቀበልኳት፤ ዓይኗን ግን ከዓይኔ ታሸሻለች፤ በየመሃሉ ወደ ክምሩ ኋላ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ምን ደብቀው ይሆን እላለሁ። አማኑ አጥሩን ይዞ ይንጎራደዳል።

"እናቴ፣ ይሄን ሰው ምን ያህል ያውቁታል?" አለኝ።

"ቤቴ ነው የሚኖር።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።"

የክምሩ ጥላ እየረዘመ ወደ እግሬ መጣ። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ የማውቀውን ሁሉ አገላበጥኩ። ለምንድን ነው አንድም ዘመድ ጠይቆት የማያውቀው? የእድሩን ሰው ብዛት ለምን ጠየቀኝ? ያቺ የጠፋችው ብጣሽስ? ልጆቼ፣ ሰውን መጠራጠር አንዴ ከጀመራችሁት ጥርሱን መፋቁ ራሱ ምክንያት ይሆናል። አሁን የመኪና ድምፅ ይመጣል፣ አሁን ወታደር በማሳው ይፈስሳል፣ እነዚህ ልጆች ይሞታሉ፣ እኔም አብሬ፤ ዋስ ሆኜ። ውሻው በጮኸ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ፀሐይዋ ወጨጫ ተራራ ላይ ልታርፍ ስትል ባርናባስ መጣ። ብቻውን ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። በጭብጡ የያዛቸውን ብጣሾች ኦቦ ተድላ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

"ለምን ዘገየህ?" አለው አማኑ።

"ወታደሮቹ ያዙኝ።"

ወጣቶቹ ሁሉ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

"ጨርቁ ምንድን ነው አሉኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳቸው። እነሱም አላመኑኝም። አንዱ የደረቱ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፣ እስቲ ስፋ አለኝ።" የኮቱን ጥግ ገልብጦ እዚያ የሚሰካትን መርፌ አሳየን። "ሰፋሁለት። ከዚያ ሂድ አሉኝ።"

"ለወታደር ቁልፍ ሰፍቶ ነው የመጣው!" አለ አማኑ። "ሰማችሁ?"

"ስማኝ፣ ሌላም አለ" አለ ባርናባስ። ድምፁ ደክሟል። "አንዷ ጎድላለች። እዚህ ወይራው ላይ ያሰርኳት። ጠዋትም አላገኘኋትም።"

"እውነቱን ነው" አልኩ እኔ። "ጠዋት ስናልፍ የት ሄደች ሲል ሰምቻለሁ።"

"መክራችሁ ነው የመጣችሁ!" አማኑ የባርናባስን ኮሌታ ጨብጦ ወደ አጥሩ ገፋው። "አንዷን ለምን አስቀረህ? የኛን ቤት ለማሳየት ነው? ማታ ለሚመጡት? ተናገር!"

ባርናባስ አልታገለም። እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ከወጣቶቹ ሁለቱ ዱላቸውን አነሱ። ኦቦ ተድላም እንኳ በዚያች ሰዓት ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ መዳፋቸው ላይ ያሉትን ብጣሾች ብቻ ያያሉ። እኔ ከበርጩማው ተነሳሁ።

ያኔ ላሞቹ ከግጦሽ ገቡ። እናቲቱ እምቧ! ስትል ከክምሩ ኋላ ሌላ እምቧ! መለሰላት። አዴ ድንቅቱ "ወይኔ!" ብላ ሮጠች፤ አልደረሰችባትም። አንዲት ጥቁር ጥጃ የታሰረችበትን ገመድ በጥሳ፣ ጭራዋን ቀስራ፣ በመሃላችን ገስግሳ እናቷ ሆድ ሥር ገባች። አንገቷ ላይ፣ በሥርዓት የተቋጠረች፣ ቀይ ብጣሽ።

ጥጃዋ ምንም ሳይመስላት ትጠባለች።

"ድንቅቱ!" አሉ ኦቦ ተድላ።

አዴ ድንቅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ታዲያ ምን ላድርግ? አዲስ ጨርቅ ነው፣ ቀይ ነው። ያቺ የማዶዋ ሴት ጥጃዬን ቆማ ባየቻት ቁጥር ትከሳብኛለች። ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት ብዬ አሰርኩላት። እናንተ ደግሞ በማግስቱ መንግሥት፣ መንግሥት፣ ቀይ፣ ቀይ ስትሉ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት ብዬ እንዴት ልናገር?"

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ተድላ ናቸው። ትከሻቸው ከሰፊው ካፖርት ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "እንግዲህ ማስተር ፕላኑ ጥጃችንን ቀድሞ ወስዷታል" አሉ። ዱላ ያነሱት ልጆች አወረዱ፣ አንዱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። አማኑ ግን አልሳቀም። የባርናባስን ኮሌታ ለቀቀና፣ የተጨማደደውን በእጁ አስተካከለለት።

"አሁንም አላመንኩህም" አለው።

"አውቃለሁ" አለ ባርናባስ።

ኦቦ ተድላ ሜትሩን ጠቅልለው በካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። "ይሄ እዚህ ይቆይ" አሉ። "የመሬቱ ነገር የለየለት ቀን መጥተህ ትወስደዋለህ።" ከዚያ ራሳቸው ከፊት ሆነው እስከ ባሕር ዛፉ ሸኙን። ቡራዩ ስንደርስ መንገዱ ላይ ጎማ ይጨሳል። የሺጥላ በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ምን አየሽ?" አለኝ።

"ውሃ አየሁ።"

"ውሃ ብቻ?"

"ውሃ ብቻ" አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔንም በጎን ያየኝ ጀመር።

በጥር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሁከቱ ግን አልቀረም፤ የዓመቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ባርናባስ ያን ሁሉ ጊዜ ደንበኞቹን የሚለካው ቋጠሮ በበዛበት ሲባጎ ነበር፣ የሰፈሩ ሱሪ ሁሉ ትንሽ ረዘም ብሎ አለፈ። "ሌላ ሜትር ግዛ እንጂ" ስለው፣ "የኔ ተቀምጦልኛል" ይላል። አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ቀና ብሎ፣ "እትዬ፣ ነገሩ ለየለት እንዴ?" ይለኛል። "እኔ እንጃ ልጄ" እለዋለሁ። እድሩም ሽርሽር ሳይሄድ ቀረ። ኋላ ባርናባስ ሰበታ ሥራ አግኝቶ መኪናውን በጋሪ ጭኖ ሄደ፤ ሜትሩን ሳይወስድ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ መንገዱ ላይ አሁን ምንም ምልክት የለም። ያለው እኔ ዘንድ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እናንተ ዘንድ። ግድቡ ጋ ከታክሲ ስትወርዱ አቀበቱን ተዉት፣ ባሕር ዛፉን ዞር በሉ። የጤፍ ማሳውን በዳር በዳሩ ነው፣ አትርገጡት። ውሻ ሲጮህ ቁሙ፣ አሮጌው ወይራ አጠገብ ሆናችሁ ከሩቅ "አካም ጅርቱ" ብላችሁ ሰላም በሉ፤ ሳይጠሯችሁ አትውረዱ። ማን ላካችሁ ካሏችሁ፣ ሜትር የተወው ልብስ ሰፊ በሉ፤ ያውቁታል። በማለዳ ሂዱ፣ ውሃው ሲተን። ከውሃው ኋላ ስትቀመጡም ከተማዋ ስትንቀጠቀጥ ታያላችሁ። እዚያ ቁጭ ባላችሁ ጊዜ፣ አንድ ሰው ለጉልበቴ ብሎ ያን ሁሉ እሁድ እንደደከመ፣ አደራችሁን፣ አስታውሱልኝ።